የተሰደደ ሃይማኖት፥ የቀረ ሥዕል፤ የአውሮፓ ሥዕሎች በኢትዮጵያና በጃፓን በእጅ ስለ ተቀዱበት ታሪክ

በኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ላይ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ «ቅጂ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ነቀፋ ያዘለ ሆኖ ይገኛል። አንድ የማርያም ሥዕል ከአውሮፓ ሥዕል የተቀዳ መሆኑ ሲታወቅ፥ ሠዓሊው የራሱ አሳብ እንዳልነበረው፥ ሥራውም ከዋናው ያነሰ እንደ ሆነ ይቈጠራል። ይህ አስተያየት ግን ከአገሩ የቈየ ልማድ ጋር አይስማማም። የኢትዮጵያ መጻሕፍት ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩት በመቅዳት ነው። ዳዊት የሚጽፍ ጸሓፊ በፊቱ የተዘረጋውን አብነት እያየ ሲጽፍ አዲስ ነገር አልፈጠርሁም ብሎ አያፍርም፤ ሥራውን ሲፈጽም የራሱንና ያስጻፈውን ሰው ስም በመጨረሻው ቅጠል ላይ አስገብቶ ጸሎት ይለምናል። ይሁን እንጂ የፊደሉ ቅርጽ፥ የሐረጉ አሣሣል፥ በኅዳግ የጨመረው ቃል ዘመኑንና ደብሩን ይገልጥበታል። መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ ስለ ጸሓፊው ማወቅ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያየው ቅጂው ከአብነቱ የተለየበትን ስፍራ ነው።

ለሥዕልም ይኸው ሥርዐት ይሠራል። በእጅ የተቀዳ ሥዕል ከዋናው ጋር በሚመሳሰልበት ክፍል የመጣበትን መንገድ ያመለክታል፤ ከዋናው በሚለይበት ክፍል ደግሞ የተቀበለውን ሕዝብ እምነት፥ ክብርና ፍርሀት ይናገራል። ይህን ለማስረዳት በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ከሮማ ወደ ሁለት ሩቅ አገሮች፥ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ጃፓን፥ የሄዱትን ሥዕሎች፥ ቀጥሎም በ19ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን ራሳቸው የጃፓንን ሥዕል በእጅ የቀዱበትን ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጠ በቀር ዓመታቱ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሮማይቱ ማርያም

በሮማ ከተማ፥ በታላቋ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ሳሉስ ፖፑሊ ሮማኒ» የሚባል ጥንታዊ የገበታ ሥዕል አለ፤ ትርጓሜውም «የሮማ ሕዝብ መድኃኒት» ማለት ነው። በልማድ የሣለው ወንጌላዊው ሉቃስ ነው ይባላል። ማርያም ሕፃኑን በግራ ክንድዋ ታቅፋለች፤ ቀኝ እጅዋ በግራው ላይ ተሻግሮ ሁለት ጣቶች ተዘርግተው ይታያሉ፤ በግራ እጅዋም መሐረብ ይዛለች። ሕፃኑ በቀኝ እጁ ይባርካል፥ በግራው መጽሐፍ ይዟል። እነዚህ ጥቃቅን ምልክቶች፥ ይኸውም የተሻገሩት እጆች፥ ሁለቱ ጣቶችና መሐረቡ፥ ሥዕሉ በዓለም ሁሉ በተበተነ ጊዜ የትውልዱ መታወቂያ ሆነው ቀርተዋል።

በ1569 የኢየሱሳውያን ማኅበር ሦስተኛው አለቃ ፍራንሲስ ቦርጂያ ከጳጳሱ ከጲዮስ 5ኛ ፈቃድ ተቀብሎ ሥዕሉን አስቀዳ። ከዚያ በኋላ ከቅጂው ሌላ ቅጂ እየተሠራ ለማኅበሩ መምህራን ይሰጥ ጀመር። በ1570 ወደ ብራዚል ሲጓዝ በካናሪያ ደሴቶች አጠገብ በባሕር ላይ የተገደለው ኢግናስዮ ደ አዜቬዶ ከእነዚህ ቅጂዎች አንዱን ይዞ ነበር። በ1580 ወደ ሕንዱ ንጉሥ ወደ አክበር ቤተ መንግሥት የገቡት መምህራንም እንዲሁ ቅጂ ይዘው ሄዱ። በአንትወርፕ ከተማ ሂየሮኒሙስ ዊሪክስ በመዳብ ቀርጾ ካሳተመው በኋላም ሥዕሉ በወረቀት ላይ ሆኖ በመጻሕፍት መካከል ሊጓዝ ቻለ።

የመዳብ ኅትመት በሥዕሎች ጕዞ ላይ ያመጣውን ለውጥ ማስተዋል ያስፈልጋል። ወረቀቱ ቀላልና ርካሽ ስለ ሆነ ባሕርና በረሓ ይሻገራል፤ ነገር ግን ቀለም የለውም። በወረቀቱ ላይ ያለው ጥቍር መስመር ብቻ ነው፤ ጥላውም የተገለጠው በተደራረቡ ቀጫጭን ጭረቶች ነው። ስለዚህ ከኅትመት የሚቀዳ ሠዓሊ የመጐናጸፊያውን ሰማያዊ፥ የቀሚሱን ቀይ፥ የኋላውን ወርቃማ ወይም አረንጓዴ መደብ ከራሱ ትምህርት ማምጣት ግዴታው ነበር። ከመስመር ወደ ቀለም የተደረገው ሽግግር ሁሉ የቀጂው ሠዓሊ ውሳኔ ነው።

ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት የነበረች ኢትዮጵያ

የሮማው ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የማርያምን ሥዕል ወደማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የማርያም በዓላት በየዓመቱ እንዲከበሩ አጥብቀው ያዘዙና የሥዕልዋንም ክብር ከፍ ያደረጉ ንጉሥ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኵሴ በገበታ ላይ የማርያምን ሥዕል ይሥል ነበር፤ በሥራውም ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ሥዕል ዐሻራ እንዳለበት ሊቃውንት ገልጠዋል።

በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በነገሥታቱ ዘንድ ሠዓሊ ሆነ፤ በአገሩም መርቆሬዎስ ተብሎ ተጠራ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሕይወት አግኝቶታል። በኋላ ዘመን እንደ ተተረከው፥ ይህ ሠዓሊ ሕፃኑን በማርያም ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉ ታላቅ ጕርምርምታ ተነሣ። በኢትዮጵያ ቀኝ የክብር፥ ግራ የውርደት ወገን ስለ ሆነ፥ ጌታን በግራ ማኖር እንደ ድፍረት ተቈጥሮ ነበር። ከዚህ የሚታወቀው በ15ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ተመልካች ሥዕልን እንደ ጌጥ ብቻ የሚያይ እንዳልነበረ ነው፤ ክንዱ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑን አስተውሎ ስለ ትርጓሜው ይከራከር ነበር።

የኢየሱሳውያን መምጣትና መሰደድ

ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1557 ነው፤ መኖሪያቸውም በትግራይ ፍሬሞና ተብሎ በተሰየመው ስፍራ ሆነ። ከእነርሱ ሁሉ ይልቅ የታወቀው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ደርሶ በ1622 በኢትዮጵያ ምድር ዐረፈ። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ከዚህም የተነሣ በአገሩ ውስጥ ብዙ ደም የፈሰሰበት ጦርነት ሆነ። በ1632 ንጉሡ ወደ ቀደመው ሃይማኖት የሚመለስ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ ከ1636 ጀምሮም መናገሻቸውን በጎንደር አደረጉ። በ1638 በስውር የገቡ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በዚያችው ከተማ በስቅላት ተቀጡ።

እንግዲህ በዚያች ከተማና በጣና ዙሪያ በሚገኙት ገዳማት፥ የሮማ መምህር መሆን በሞት በሚያስቀጣበት ዘመን፥ የሮማይቱ ማርያም ሥዕል እየተቀዳ ሄደ። በ1983 ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ዐበይት አርእስት ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ እንዳሳየው፥ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህ ዐይነት ከሌሎች የማርያም ሥዕሎች ሁሉ በልጦ በገበታ፥ በግድግዳና በብራና ላይ ተስፋፋ። ስሙም ተለወጠ። «የሮማ ሕዝብ መድኃኒት» መባሉ ቀርቶ በግዕዝ «ምስለ ፍቁር ወልዳ»፥ ማለትም «ከተወደደ ልጅዋ ጋር» ተባለ። የሮማ ስም ከሥዕሉ ወደቀ፤ የተሻገሩት እጆች፥ ሁለቱ ጣቶችና መሐረቡ ግን በቦታቸው ቀሩ።

የግራው ክንድም ነገር በዚህ ላይ ይታያል። የሮማው ሥዕል ሕፃኑን የሚያኖረው በግራ ክንድ ነው። በብራንካሌዎን ዘመን ያስቈጣው አቀማመጥ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የተለመደ ሆነ። ለዚህ ሁለት ምክንያት ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፥ ብራንካሌዎንና እርሱን የተከተሉት ሠዓልያን ዐይንን ቀስ በቀስ አስለምደውት ነበር። ሁለተኛውና የሚበልጠው፥ ሉቃስ የማርያምን ሥዕል ሣለ የሚለው ትውፊት በኢትዮጵያም የታወቀ መሆኑ ነው። ከሉቃስ እጅ ወጣ የተባለውን አቀማመጥ የፈረንጅ ድፍረት ብሎ መንቀፍ አይቻልም። የመጣበት መንገድ በሮማ በኩል ቢሆንም፥ ሥዕሉ በሐዋርያት ዘመን ሥልጣን ተጠብቆ ገባ።

ሠዓልያኑ የጨመሩት

በሮማው ሥዕል ላይ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። በኢትዮጵያ ቅጂዎች ላይ ግን ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ ማርያም እንደ ንግሥት በዘበኞች ተከብባ ትታያለች። ከእግርዋ ሥር ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ ይሣላል፥ ስሙም ከጸሎት ጋር ይጻፋል። በ18ኛው መቶ ዓመት በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በማርያም እግር ሥር ተደፍተው መታየታቸው የዚሁ ልማድ ታላቅ ምሳሌ ነው። ይህ ጭማሪ የአሠሪውንና የአማላጅቱን ውል የሚያስረዳ ስለ ሆነ ከጌጥ ያለፈ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ማርያም የምሕረት ኪዳን ተሰጥቷታል፤ ሥዕልዋን ያሠራ ሰው ስሙ በኪዳኑ ውስጥ እንዲታሰብ ይሻል። የሮማው ሥዕል ስለ አንድ ከተማ ሕዝብ ሲናገር፥ የጎንደሩ ሥዕል በስም ስለ ታወቀ አንድ ነፍስ ይለምናል።

የጎንደር ሠዓልያን ከአውሮፓ የተቀበሉት ይህን አንድ ሥዕል ብቻ አልነበረም። በ1591 በሮማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የዐረብኛ ወንጌል ታትሞ ነበር፤ ለእርሱም አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው 149 የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ነበሩበት። መጽሐፉ የታሰበው ለምሥራቅ ክርስቲያኖችና ለዐረብኛ አንባቢዎች ነበር። በኢትዮጵያ ግን ቃሉ ሳይሆን ሥዕሉ ተነበበ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ አንዳንድ የግዕዝ ወንጌሎች ውስጥ የቴምፔስታ ሥዕሎች በተከታታይ ተቀድተው ይገኛሉ። የፍሎሬንሱ ሰው በጥቍር ጭረት የገለጠውን ጥላ የጎንደሩ ሠዓሊ ወደ ንጹሕ ቀለም ለወጠው፤ በሩቅ እያነሱ የሚሄዱትን ሕንጻዎችና ዛፎች ትቶ ሰዎቹን ወደ ፊት አቀረበ፤ ከላያቸውም በግዕዝ ማን እንደ ሆኑ ጻፈ። በኢትዮጵያ ሥርዐት ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፥ ኀጥእ ግን በአንድ ዐይኑ በጐን ይሣላል። በአውሮፓ ሥዕል ውስጥ በጐን መታየት ምንም ነቀፋ ስለሌለበት፥ ቀጂው ሠዓሊ እያንዳንዱን ፊት በዚህ ሕግ መመዘን ነበረበት። ከዚህ የተነሣ ቅጂው ለወንጌሉ ታሪክ ትርጓሜ ሆነለት፤ በአብነቱ ላይ የማይለዩት ጻድቃንና ኀጥኣን በቅጂው ላይ ተለዩ።

በጃፓን የሆነው

በዚያው ዘመን በሌላው የእስያ ዳር ተመሳሳይ ሥራ ይካሄድ ነበር። ፍራንሲስ ሳቪየር ወደ ጃፓን የደረሰው በ1549 ነው። ሥዕል ለማስተማሪያ እጅግ ስለ ተፈለገ፥ ከአውሮፓ የሚላከው አልበቃም። በ1583 ጆቫኒ ኒኮሎ የተባለ ኢጣልያዊ የማኅበሩ ሠዓሊ ናጋሳኪ ደረሰ፤ እርሱም የሥዕል ትምህርት ቤት አቁሞ ጃፓናውያንን አስተማረ። ተማሪዎቹ ከአውሮፓ የመጡ ሥዕሎችንና ኅትመቶችን እያዩ በመዳብ ላይ በዘይት ቀለም፥ በወረቀት ላይም በአገራቸው ቀለም ቀዱ። ከእነርሱ አንዱ፥ ያቆብ ኒዋ፥ ወደ ቻይና ተልኮ በዚያ ላሉት መምህራን ይሥል ነበር።

ከዚያ ዘመን ከተረፉት መካከል «የበረዶዋ ማርያም» የምትባለው ሥዕል ዛሬ በናጋሳኪ በ26ቱ ሰማዕታት ቤተ መዘክር ትገኛለች። ስሙ የሮማይቱን ታላቅ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያስታውሳል፤ በበጋ በረዶ ወርዶ የሕንጻው ስፍራ ተለየ ተብሎ ይተረካልና። ሥዕልዋ ግን የተሠራችው በጃፓን ልማድ በወረቀት ላይ ሲሆን፥ ተጠቅልላ የምትቀመጥና ስትፈለግ ተዘርግታ የምትሰቀል ናት። የእንጨት ገበታ ሊደበቅ አይመችም፤ ጥቅል ወረቀት ግን በአንድ ቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህ የአሠራር ልማድ በኋላ ሥዕሎችን ከጥፋት ለማዳን ረዳ።

በ1614 የክርስትና ሃይማኖት በጃፓን ምድር ሁሉ ተከለከለ፤ ኒኮሎም ተሰደደ። በ1639 ፖርቱጋሎች ፈጽመው ተባረሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከማካዎ ከመጡት መልእክተኞች መካከል 61 ሰዎች በናጋሳኪ አንገታቸው ተቀላ። የጃፓን ሹማምንት ክርስቲያኑን ከሌላው ለመለየት የክርስቶስን ወይም የማርያምን ሥዕል በመሬት ላይ አኑረው ሕዝቡ በእግሩ እንዲረግጠው ያስገድዱ ነበር፤ ይህም ልማድ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቈየ። የተሰወሩት ክርስቲያኖች በበኩላቸው በቡድሃ ሃይማኖት የምሕረት አካል የሆነችውን የካኖንን ምስል እንደ ማርያም አድርገው በቤታቸው አኖሩ። በ1865 በናጋሳኪ አዲስ ቤተ ክርስቲያን በተሠራ ጊዜ፥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካህን ሳያዩ የኖሩ ሰዎች ወደ ፈረንሳዊው ቄስ ቀርበው አስቀድመው የጠየቁት የማርያም ምስል ወዴት እንደ ሆነ ነበር።

ሁለቱን አገሮች ጐን ለጐን ማየት የነገሩን ሥር ይገልጣል። ኢትዮጵያም ጃፓንም ያንኑ ማኅበር በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ አስወጡ፤ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ በራቸውን ለፈረንጅ መምህር ዘጉ። በጃፓን ሥዕሉ የተከለከለው ሃይማኖት ምልክት ስለ ነበረ ተረገጠ፥ ተደበቀ፥ መልኩንም ለወጠ። በኢትዮጵያ ግን ለማርያም ሥዕል ቀድሞውኑ በመቅደስ ውስጥ ስፍራ ተዘጋጅቶለት ስለ ነበረ፥ መምህሩ ሲባረር ሥዕሉ እንደ አገሩ ልጅ ቀረ። የሥዕሉን ዕድል የወሰነው የተቀበለው ቤት ነው።

አውሮፓ ቀጂ በሆነች ጊዜ

መቅዳት የደካማ ሕዝብ ሥራ ነው የሚለው አስተያየት በ19ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ይፈርሳል። ጃፓን በ1854 ወደቦችዋን መክፈት ከጀመረች በኋላ የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶችዋ በብዛት ወደ ፓሪስ ገቡ። የፈረንሳይ ሠዓልያን እጅግ ተደነቁባቸው፤ በ1872 ፊሊፕ ቡርቲ ለዚህ ዝንባሌ «ዣፖኒዝም» የሚል ስም አወጣለት። የሆላንዱ ሠዓሊ ቪንሴንት ቫን ጎግ ከወንድሙ ጋር ብዙ መቶ የጃፓን ኅትመቶችን ሰብስቦ ነበር። በ1887 በፓሪስ ሁለቱን የሂሮሺጌ ሥዕሎች፥ ያበበውን የፕለም ዛፍና በዝናም ውስጥ ያለውን ድልድይ፥ በዘይት ቀለም በሸራ ላይ ቀዳ። ሂሮሺጌ እነዚህን ያሳተመው በ1857 ነበር።

የቫን ጎግ ቅጂዎች የጎንደሩን ሠዓሊ ሥራ ለመረዳት ይጠቅማሉ። የሂሮሺጌ ወረቀት ቁመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ የድልድዩ ቅጂ 73 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ። የኅትመቱ ስስና ጠፍጣፋ ቀለም በቫን ጎግ እጅ ወፍራምና ደማቅ ሆነ። ከዚህም በላይ ከሌሎች ኅትመቶች የጃፓን ፊደላትን ለቃቅሞ፥ ትርጕማቸውን ሳያውቅ፥ በሥዕሉ ዙሪያ እንደ ሐረግ አኖራቸው። ጎንደሬው በማርያም ዙሪያ መላእክትንና የግዕዝ ጽሕፈትን ጨመረ፤ ሆላንዳዊው በፕለሙ ዛፍ ዙሪያ የጃፓን ፊደልን ጨመረ። አንዱ እንግዳውን ሥዕል የቤት ለማድረግ፥ ሌላው እንግድነቱን ለማጕላት ደከመ። ሁለቱም ቅጂዎች ናቸው፤ ስለ ቀጂዎቹ የሚናገሩት ግን ተቃራኒ ነው።

ሂሮሺጌም ራሱ ከባዕድ የተቀበለው ነበረው። የወንዙ ጥልቅ ሰማያዊ የተገኘው ከአውሮፓ በመጣው የፕሩስያ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ሩቁን የማሳነስ ጥበብም በሆላንድ ነጋዴዎች በኩል በገቡ ሥዕሎች ወደ ጃፓን ደርሶ ነበር። ስለዚህ ቫን ጎግ እንደ ፍጹም እስያዊ አድርጎ የቀዳው ነገር በከፊሉ ከአውሮፓ ሄዶ የተመለሰ ነበር። ዛሬ ደግሞ በቻይና በሸንጀን ከተማ በዳፈን መንደር፥ ከ1989 ጀምሮ በተስፋፋው የእጅ ሥዕል ንግድ፥ የቫን ጎግ ሥራዎች ከፎቶግራፍ እየተቀዱ ለዓለም ገበያ ይላካሉ። በዚህ ንግድ ግን ገዢው የሚከፍለው ቅጂው ከዋናው እንዳይለይ ነው፤ ስለዚህ የቀጂው ታሪክ ከሥዕሉ ላይ እንዲጠፋ ይደረጋል። በእጅ የተቀዳ ሁሉ እኩል ምስክር እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የኢትዮጵያ ሊቃውንትም የጃፓንን ነገር ከዚሁ ጥያቄ ጋር አያይዘው አይተውታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፍ ጻፉ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ1889 ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት ወስዶ ነበር፤ የጃፓኑም በበኩሉ ከፕሩስያ የተቀዳ ነበር። ሆኖም ጃፓናውያን ስለ ማይቋረጠው የንጉሣቸው ዘር ባኖሩት ስፍራ፥ የኢትዮጵያው አርቃቂ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰሎሞንንና የንግሥተ ሳባን ትውልድ አኖሩ። የሕግ ቅጂም እንደ ሥዕል ቅጂ በሚለይበት ስፍራ ይነበባል።

ዋናው ሲጠፋ

ቅጂን መናቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ኵርዐተ ርእሱ የተባለው ሥዕል ያስረዳል። ይህ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፍላንደር ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ ተሠርቶ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ነው። ነገሥታቱ ያስምሉበትና ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ ነበር፤ በ1744 ከስናር ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመለሰ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ ወሰደው። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ሥዕሉ እንዲመለስ ለመኑ፤ አልተገኘም የሚል መልስ መጣ። ከሆልምስ ሞት በኋላ በ1917ና በ1950 በለንደን ተሽጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ።

በአገር ውስጥ የቀሩት በእጅ የተቀዱት ብቻ ናቸው። በእነዚህም ላይ ክርስቶስ ብቻውን አይደለም፤ በግራና በቀኝ የቆሙ ሰዎች እሾሁን በራሱ ላይ ሲመቱ ይታያሉ፤ «የራሱ መመታት» የሚለው የግዕዙ ስም በሥዕል ተተርጕሟል። ዋናው ሥዕል ነገ ቢመለስ እንኳ ይህን ትርጓሜ አይነግርም። ንጉሥና ሠራዊት የማሉበት ሥዕል በሕዝቡ ዘንድ ምን ማለት እንደ ነበረ የሚያስረዱት ቅጂዎቹ ናቸው።

ለመስክ ጥናት የሚቀረው ሥራ

ይህ ሁሉ በጎንደርና በጣና ገዳማት ብቻ የሚፈጸም ጥናት አይደለም። ሥዕል የሚጓዘው ንግድና ሃይማኖት በሚሄዱበት መንገድ ነው፤ ስለዚህ የመንገድ ከተሞችም ሊመረመሩ ይገባል። ለምሳሌ ያህል በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤና በሆሳዕና መንገድ ላይ ያለችው ቡታጅራ፥ የጉራጌ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ጋር የሚመላለስባቸው፥ ኦርቶዶክሱ፥ ካቶሊኩና እስላሙ በጕርብትና የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። የባህል አጥኚ ወደዚያ ሲሄድ የጎጆውን አሠራር፥ ጀፎሮውንና የእንሰቱን ተክል ይመዘግባል፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የባዕድ ሥዕል ቅጂ ግን የአገሩ ባህል አይደለም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የጎንደሩ ታሪክ እንደሚያስተምረው ግን የባዕድ የሚመስለው ሥዕል የቤቱን ባለቤት እምነት ከሌላው ዕቃ ይልቅ ሊገልጥ ይችላል።

እንዲህ ያለ ሥዕል በቤተ ክርስቲያን፥ በመኖሪያ ቤት ወይም በሻይ ቤት በተገኘ ጊዜ ጥቂት ነገሮችን መመዝገብ ያስፈልጋል። አብነቱ በቀለም የተቀባ ነበርን፥ ወይስ የታተመ ወረቀት? በማን በኩልና በምን መንገድ ደረሰ? ቀለሙን፥ ጽሕፈቱንና ጠርዙን ማን መረጠ? ከአብነቱ ምን ተቀነሰ፥ ምንስ ተጨመረ? በመጨረሻም፥ ባለቤቱ ሥዕሉን በምን ስም ይጠራዋል? «ሳሉስ ፖፑሊ ሮማኒ» ወደ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» እንደ ተለወጠ ሁሉ፥ ሥዕሉ ስሙን ከለወጠ ከተማረከበት ቤት ጋር መዛመዱ ይታወቃል።

ሥራው ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በፋብሪካ የታተመ ሥዕል ርካሽና ብሩህ ስለ ሆነ፥ ጭስና ጥራጊ ያጠቈረው የእጅ ቅጂ ከግድግዳ እየወረደ በስፍራው የታተመው ይሰቀላል። የወረደው ቅጂ «ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» ተብሎ ሳይመዘገብ ከተጣለ ወይም ከተሸጠ፥ ከሱ ጋር የሚጠፋው የሠዓሊው ውሳኔ፥ የአሠሪው ስምና የሥዕሉ አዲስ ስም ነው። እነዚህም በሮማ፥ በአንትወርፕም ሆነ በፖርቱጋል ያለው ዋና ሥዕል ሊመልሳቸው የማይችል ናቸው።